የእናቴ ሁለተኛ ወረቀት

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ላፈላ ከሰል እያቀጣጠልኩ ሳለ የልጅ ልጄ የወረቀት ጥራዝ ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። “እማማ፣ ዛሬ ታካሚዋ አንቺ ነሽ፤ ጠያቂዋ ደግሞ እኔ” አለችኝ። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ናት። ዘንድሮ ተመራቂ ስለሆነች የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራች ነው፤ ርዕሷም “ሰዎች በምርጫ ቀን ድምጽ ሲሰጡ ምን ይወስናቸዋል?” የሚል ነው። ሠላሳ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅታለች። ይዛው በየሰፈሩ ከመዞሯ በፊት በእኔ ልትሞክረው ፈልጋለች።

ስምና ዕድሜ የሚለውን ዘለለችው፤ ታውቀዋለቻ! የትምህርት ደረጃ ከሚለው ፊት ለፊት “የነርስነት ዲፕሎማ” ብላ ጻፈች። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አላስቸገሩኝም። በ1997 ድምጽ ሰጥተሻል? ሰጥቻለሁ። በ2013ስ? ሰጥቻለሁ። የፓርቲዎችን ክርክር ተከታትለሻል? ተከታትያለሁ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን ጀበናውን እንደያዝኩ ቀረሁ። “ከቤተሰብዎ አባላት መካከል ከእርስዎ የተለየ የመረጠ ሰው ነበር?” ይላል።

“እሱን በኋላ እነግርሻለሁ” አልኳት። ዛሬ ለእናንተም የምጽፈው ይህንኑ በኋላ የነገርኳትን ነው።

በነርስነት ያገለገልኩት ሠላሳ አራት ዓመት ነው። ብዙ ሰው የነርስ ሥራ መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ ሥራ መጠየቅ ነው። መቼ ጀመረህ? ምን በላሽ? ስንት ኪኒን ዋጥክ? ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው የሆነውን ሳይሆን ጠያቂው ቢሰማ ደስ የሚለውን መሆኑን ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ስሠራ “መድኃኒትህን በየቀኑ ወስደሃል?” ስል ሁሉም “አዎ ሲስተር፣ አንድም ቀን አላቋረጥኩም” ይለኝ ነበር። የያዘውን አምጣ ብዬ ስቆጥር የሁለት ሳምንት ኪኒን ተርፎ አገኛለሁ። ሰዎቹ ዋሾ ሆነው አይደለም። አንዳንዱ ሆዱን አሞት ነው፣ አንዳንዱ ሥራ ይዞት ነው፣ አንዳንዱ በባዶ ሆድ መዋጥ ከብዶት ነው። እውነቱን ቢናገር ግን ይህች ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ታዝንብኛለች ወይም ትቆጣኛለች ብሎ ይፈራል። ይሉኝታ ይይዘዋል። በኋላ ሕክምናው ታካሚው በጤና ባለሙያ ፊት እየዋጠ እንዲሆን የተደረገውም ለዚህ ነው። በቃል ላይ ብቻ መተማመን አልተቻለማ!

የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ብዙ ሴቶች “ልጅ ላስከትብ ነው” ብለው ከቤት ይወጡና የሦስት ወሩን መርፌ ተወግተው ይመለሱ ነበር። ኪኒን ከፍራሽ ሥር ይገኛል፤ መርፌ ግን ማንም አያየውም። ቀጠሮ የተጻፈበትን ካርድ እንኳ እኛ ዘንድ የሚያስቀምጡ ነበሩ። አንድ ጊዜ አንዱ ባል መጥቶ “ሚስቴ እዚህ የምትመጣው ለምንድን ነው?” ብሎ አፋጠጠኝ። “ልጅ ልታስከትብ” አልኩት። በዚያ መልስ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም። የሰው ምስጢር መጠበቅ የሙያዬ ግማሽ ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቡናው ወርዶ አቦል እየጠጣን ሳለ የልጅ ልጄ ያነበበቻቸውን ጥናቶች ታጫውተኝ ጀመር። እኔ ዛሬም መማር ስለምወድ ደስ ብሎኝ ሰማኋት።

እ.ኤ.አ. በ1940 ሩዝቬልትና ዊልኪ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ፖል ላዛርስፌልድ የተባለ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ ወደምትባል አካባቢ ሄደ። 600 ያህል ሰዎችን መርጠው ከግንቦት እስከ ኅዳር በየወሩ ያንኑ ሰው እየተመላለሱ ጠየቁ። ሬዲዮና ጋዜጣ የሰውን ሐሳብ እንዴት እንደሚቀይሩ ለማየት ነበር። ያገኙት ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው ቅስቀሳው ሳይሟሟቅ ልቡ አንድ ቦታ አርፏል፤ በቅስቀሳው ምክንያት ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረው ጥቂት ነው። ከሬዲዮውም ይልቅ የሚሰማው ዘመዱን፣ የሥራ ባልደረባውንና ሰፈር ውስጥ “እሱ ያውቃል” የሚባለውን ሰው ነው። ወሬው መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች ዘንድ ይደርሳል፤ ከእነሱ ደግሞ ወደ ሌላው ይሄዳል።

“የቤተሰቡን ጉዳይ ስሚማ እማማ” አለችኝ። “ድምጽ ከሰጡት ውስጥ ‘ከቤተሰቤ የተለየ የመረጠ አለ’ ያሉት ከ100 4ቱ ብቻ ናቸው። ጥያቄ 14ን ያስገባሁት ለዚህ ነው።”

ሌላም ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 በሚሺጋን 180,000 ያህል ቤተሰቦች የገቡበት አንድ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ማንን እንደመረጠ ምስጢር ቢሆንም፣ ለመምረጥ መውጣት አለመውጣቱ ግን በመዝገብ ይታወቃል። አጥኚዎቹ በዕጣ ለለዩአቸው ሰዎች ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ባለፈው ምርጫ አንተም ጎረቤቶችህም ወጥታችሁ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይዘረዝርና፣ ከአሁኑ ምርጫ በኋላም እንዲሁ ዝርዝር እንደሚላክ ያስታውቃል። ምንም ደብዳቤ ካልደረሳቸው ከ100 ወደ 30 የሚሆኑት ሲወጡ፣ ይህ ከደረሳቸው ወደ 38 የሚሆኑት ወጡ። “ይሉኝታ አሜሪካም አለ ለካ!” ብዬ ሳቅሁ።

በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት መራጭ ያለበትን ቤት እያንኳኩ፣ በር ለከፈተው ሰው “ድምጽ መስጠትዎን አይርሱ” ብለው ሄዱ። ያ ቅስቀሳ ካመጣው ለውጥ 60 በመቶ ያህሉ በሩን ወዳልከፈተው፣ ምንም ወዳልተነገረው የቤት ሰውም ተሻግሮ ተገኘ። ይህ ከሁሉ አልገረመኝም። ክትባትም እንዲሁ ነው። አንዷን እናት አሳምነሽ ከላክሽ ጎረቤቷ በሳምንቱ ትመጣለች።

“ሰው የሚመርጠው በዘሩ ነው” ለሚለው አባባል ደግሞ የጋናን ጥናት አነሳችልኝ። በጋና ገጠር ሰዎች የሌላ ብሔረሰብ ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ፣ የዚያን ብሔረሰብ ፓርቲ የሚባለውን የመምረጥ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ለምን ቢባል፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ሲሠራ ጎረቤትን ከጎረቤት ለይቶ አይጠቅምም። ሰው የደሙን ብቻ ሳይሆን የሚኖርበትን ቀዬ ያስባል ማለት ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ ስለሠራሁ ይህን በደንብ እረዳዋለሁ።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን “ከ100 4ቱ ብቻ” የሚለው ቁጥር አላስቀምጥ አለኝ። ወደ 1997 ወሰደኝ።

ያን ጊዜ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ከባላገር ወደ አዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። የዚያን ዓመት የምርጫ ድባብ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ክርክር ለማየት ጎረቤት ሁሉ አንድ ቤት ይሰበሰባል። ታክሲ ውስጥ ወሬው ሌላ የለውም። ሚያዝያ 29 እና 30 በመስቀል አደባባይ በሁለት ተከታታይ ቀን የሁለቱም ወገን ደጋፊዎች እንደ ጎርፍ ወጡ። ሕፃናት ሳይቀሩ ስለ ንብና ስለ ሁለት ጣት ይከራከሩ ነበር። እኔም ሥራ ቦታ ስሟገት ውዬ ቤት ስገባ እቀጥላለሁ።

ማንን እንደደገፍኩ አልጽፍም፤ ለዚህ ጽሑፍም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እናቴን ማስተማር መጀመሬ ነው። ከልጄ ደብተር ወረቀት ገንጥዬ የምደግፈውን ፓርቲ ምልክት ሳልኩላት። ሦስት ማታ አጠናኋት። “እማዬ፣ ሁለት ወረቀት ይሰጥሻል፤ አንዱ ለፓርላማ ነው፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። በሁለቱም ላይ ይህን ምልክት ትፈልጊና እዚህ ጋ ታደርጊበታለሽ። ሌላው ላይ እንዳትነኪ።” እሷም “እሺ ልጄ” ትለኛለች። ኪኒን አወሳሰድ እንደማስረዳት “እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ” እላት ነበር። ትደግምልኛለች። አንድም አትስት።

ግንቦት 7 ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን ሄድን። ሰልፉ ከወዲሁ ጥግ ዞሯል። ለእናቴ ዱካ ይዤላት ነበር። ሰው ቆሎ ይሰጣጣል፣ ነጠላ ይዋዋሳል፣ አረጋውያንን ወደ ፊት ያሳልፋል። ተራዋ ሲደርስ ሁለቱን ወረቀት ተቀብላ በዝግታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ቆየች። በጣም ቆየች። እኔ ውጭ ቆሜ እጨነቃለሁ። ወጥታ ወረቀቶቹን አጥፋ ኮሮጆ ውስጥ ስትከት አየኋት። ገና ከግቢው ሳንወጣ “እንዳልኩሽ አደረግሽ?” አልኳት። “አደረግኩ” አለችኝ። “በሁለቱም?” አልኳት። “አዎ ልጄ፣ በሁለቱም።” ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ከዚያ ምርጫ በኋላ በሰኔና በጥቅምት የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። እኔ በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ያየሁትን በቤተሰብ ገጽ ላይ አልዘረዝረውም። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለ ምርጫ ማውራት ቀረ። ልጆቼ ሲያነሱ ወሬ እቀይራለሁ። ዝም በማለቴ የምጠብቃቸው ይመስለኝ ነበር።

በ2002 ምርጫው ሲደርስ እናቴ ደክማ አልጋ ይዛ ነበር። ገላዋን እያጠብኳት ሳለ ሬዲዮው ስለ ምርጫው ሲያወራ ሰማችና ሳቅ አለች። “ዘንድሮስ ማጥናት ቀረልኝ” አለች። እኔም ሳቅሁ። ቀጥላ “ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪኝም?” አለችኝ። 

“ያን ጊዜ አንዱን ወረቀት እንዳልሽኝ አደረግኩ። ሁለተኛውን ግን ለራሴ አደረግኩት።”

ለከተማው ምክር ቤት በግሉ የተወዳደረ የሰፈራችን አስተማሪ ነበር። እኔ ስሙን እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። እሷ ግን “አባትሽ የሞተ ጊዜ ሦስቱን ቀን ከድንኳን አልወጣም። ውሃ ቀዳ፣ አግዳሚ ተሸከመ፣ ሌሊት ከሽማግሌዎቹ ጋር አደረ። ያን ጊዜ የሚወዳደርበት ነገር አልነበረውም” አለችኝ። ምልክቱን እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን ነበረች ያሳየቻት። እኔ ሦስት ማታ ያጠናኋትን ያቺ ሴትዮ በአንድ ጣሳ ጠላ ጨረሰችው!

“ታዲያ ያን ዕለት ለምን ‘በሁለቱም’ አልሽኝ?” አልኳት።

“ለሐኪም የሚባለውን አልኩሽ” አለችኝ።

ከዚህ በኋላ አልተናገረችም፤ እኔም አልጨመርኩም። ፎጣውን ጨምቄ ጀርባዋን ማጠቤን ቀጠልኩ። በዓመቱ አረፈች። ያ አስተማሪ እንደሆነ ያን ጊዜም አላሸነፈ፤ የእናቴ ድምጽ የለወጠው ውጤት አልነበረም። እኔን ግን ለውጦኛል። የማላውቃትን ሴት ምስጢር ከባሏ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ እናቴን ከመጋረጃው በር ላይ ጠብቄ ምስጢሯን ልቀበላት ሞከርኩ። መጋረጃው የተሰቀለው እኮ ካድሬን ወይም ፖሊስን ለመከላከል ብቻ አይደለም። እንደ እኔ ያለችውን፣ ለበጎ ብላ የምትጫን ልጅንም ለመከላከል ነው። “ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል” ይባላል፤ የእናቴን ሆድ ያወጣው ብቅል አይደለም፤ ዕድሜና ድካም ነው። ያም ባይሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ለልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት በረካው ቀዝቅዞ ነበር። “አየሽ” አልኳት፣ “በ1997 መጠይቅሽን ይዘሽ ብትመጪ ኖሮ ጥያቄ 14 ላይ ‘የለም’ ብዬ በሙሉ ልብ እመልስልሽ ነበር። እናቴም አጠገቤ ተቀምጣ ‘የለም’ ትልሽ ነበር። እኛም ከ96ቱ ጋር እንቆጠር ነበር። ያ የኦሃዮው ቁጥር ስንት እናቶችን እንደ እኔ እናት ደብቆ ይሆን?”

ብዕሯን አስቀመጠች። “እንግዲህ ጥያቄውን ላውጣው?” አለች።

አታውጪው አልኳት። ቤተሰብ በምርጫ ላይ ያለው ጉልበት ትልቅ ነው፤ መጠናትም አለበት። ብቻ አጠያየቁን አብረን አስተካከልነው። አንደኛ፣ ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጠሽ አትጠይቂ፤ እናትንም በልጇ ፊት። ሁለተኛ፣ “መርጠዋል?” ብቻ አትበዪ፤ “ብዙ ሰው ሥራ ወይም ሕመም ይዞት ሳይመርጥ ይቀራል፤ እርስዎስ ተመችቶዎት ነበር?” በዪ። “ብዙ ታካሚ ኪኒን ይረሳል፤ አንተስ ባለፈው ሳምንት ስንቴ ረሳህ?” ብዬ መጠየቅ ስጀምር ነው እኔም እውነቱን መስማት የጀመርኩት። ሦስተኛ፣ ማንን እንደመረጡ በአፍ አታስነግሪ። ወረቀቱን ራሳቸው ምልክት አድርገው፣ አጥፈው፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይክተቱት። ፊደል ለማያውቁም ሥዕል አድርጊበት። አራተኛ፣ “አላውቅም” የሚል መልስ ጨምሪ። እሱ አልነበረውም።

እሷም በበኩሏ አንድ ነገር መለሰችልኝ። “እማማ፣ አንቺ ዝም በማለትሽ እኛን ጠበቅሽን? እኔ ስለ 1997 የሰማሁት ከኢንተርኔት ነው፤ ያውም ስድቡን ነው” አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም። ልጆች በቤታቸው ካልሰሙ ሌላ ቦታ መስማታቸው አይቀርም። እኔ እናቴን ስጫን አጠፋሁ፤ ልጆቼን ዝም ስል ደግሞ በሌላ በኩል አጠፋሁ።

እንደ እኔ ልጆችና የልጅ ልጆች ላሏችሁ የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። እኛ ቤት አሁን የተለመደው እንዲህ ነው። ስለ ምርጫ እናወራለን። ማን ምን አለ፣ ስለ ትምህርት ቤት ምን አሰበ፣ ስለ ጤና ጣቢያ ምን አሰበ፣ የኑሮ ውድነቱን በምን ሊያቀል ነው እያልን እንከራከራለን፤ ድምጽም ከፍ ይላል። “አንተ ማንን ልትመርጥ ነው?” የሚለው ጥያቄ ግን ከቡናው ላይ ተነስቷል። ባለቤቴ በ2013 ማንን እንደመረጠ አላውቅም። ሰኔ 14 ቀን ጭምብላችንን አድርገን አብረን ተሰለፍን፣ አብረን ተመለስን፣ በመንገድ ላይ ስለ ዝናቡ አወራን። አርባ ዓመት ካለፈው ትዳር ውስጥ እርስ በርሳችን የማንተዋወቅበት ይህ አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል፤ አልጠላሁትም።

የልጅ ልጄ በ2013 ገና አልደረሰችም ነበር። በሚመጣው ምርጫ የመጀመሪያ ድምጿን ትሰጣለች። በቀደም ዕለት እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ሽንኩርት እየላጠች “አንቺ ለመሆኑ ማንን አስበሻል?” አለቻት። ልጅቷ ወደ እኔ አየች። “ተያት” አልኩ ለልጄ። “ምነው እማዬ፣ እናቷ አይደለሁ እንዴ?” አለችኝ። “ለዚህ ነዋ” አልኳት።

መጠይቁን ባለፈው ሰኞ አስተካክላ አምጥታ እንደገና ሞላሁላት። ራሴ ነኝ የሞላሁት፤ አጥፌ ሣጥኑ ውስጥ የከተትኩትም ራሴ ነኝ። ጥያቄ 14 ላይ ምን ብዬ እንደመለስኩ ግን ለእሷም አልነገርኳትም።